የስስ ፊልም ቻምበርን እስከ 10⁻¹⁰ ሚሊባር ማውረድ፦ ከጽዳት እስከ መጀመሪያው ፊልም

በቫኪዩም ቻምበር፣ ማለትም አየሩ በፓምፕ በሚወጣለት ዝግ ዕቃ ውስጥ፣ የብረት ስስ ፊልም በማግኒዚየም ኦክሳይድ ክሪስታል ላይ ለማሳደግ ተዘጋጅታችኋል እንበል። ብረቱ ተንኖ በሰከንድ 0.01 ናኖሜትር ያህል ያርፋል። አንድ የብረት አተም ንብርብር 0.143 ናኖሜትር ስለሚወፍር ንብርብሩ እስኪሞላ 14 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ 14 ሰከንድ ውስጥ ቻምበሩ ውስጥ የቀረው ጋዝም ገጹን እየመታ ነው። ግፊቱ 10⁻⁸ ሚሊባር ከሆነ ለ100 የብረት አተሞች 3 ያህል የጋዝ ሞለኪውሎች አብረው ይደርሳሉ። 10⁻⁹ ላይ ለ300 አተሞች አንድ፣ 10⁻¹⁰ ላይ ደግሞ ለ3000 አተሞች አንድ ይሆናል። ብረት ኦክስጅንንና የውሃ ተንን አጥብቆ ስለሚይዝ ከደረሰው ጋዝ ብዙው ፊልሙ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። 99.99 በመቶ ንጹሕ ብረት ገዝቶ በ10⁻⁸ ሚሊባር ማትነን ገንዘብ ማባከን ነው።

እዚህ የምንነጋገረው ስለ አንድ የተለመደ ቻምበር ነው፦ ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ የማይዝግ ብረት ሲሊንደር፣ 35 ሊትር የሚይዝ። በሰከንድ 300 ሊትር የሚስብ ተርቦ ፓምፕ (በፍጥነት በሚሽከረከሩ ምላጮች ጋዙን የሚገፋ)፣ ከኋላው ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣ ዘይት የሌለው ስክሮል ፓምፕ፣ በተጨማሪም ጋዝን ውስጣቸው ይዘው የሚያስቀሩ አዮን ፓምፕና የቲታኒየም ፓምፕ አለው። ናሙና የሚገባው በሎድ ሎክ፣ ማለትም ዋናው ቻምበር ሳይከፈት በሚሠራ ትንሽ የመግቢያ ክፍል በኩል ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

35 ሊትሩን አየር ማውጣት ቀላል ነው፤ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ የሚስብ ስክሮል ፓምፕ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰዋል። የሚያስቸግረው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የቀረው ውሃ ነው። የቻምበሩ ውስጠኛ ገጽ፣ ውስጡ ያሉት ዕቃዎች ሲደመሩ፣ 10,000 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። በደንብ የጸዳ ግን ያልተጋገረ፣ ማለትም እየተሳበ ሳለ ውሃው እንዲለቅ ያልሞቀ ብረት ለ10 ሰዓት ከተሳበ በኋላ ከእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር በሰከንድ 3×10⁻¹⁰ ሚሊባር ሊትር (ግፊት በይዘት ተባዝቶ የሚለካ የጋዝ መጠን) ያህል ጋዝ ይለቃል። በገጹ ስፋት ስታባዙት 3×10⁻⁶ ሚሊባር ሊትር በሰከንድ ይሆናል። ይህን ለፓምፑ 300 ሊትር አካፍሉት፦ 10⁻⁸ ሚሊባር። ያልተጋገረ ቻምበር በማግስቱ ጠዋት የሚያሳየው ቁጥርም ይኸው ነው።

የውሃው አለቃቀቅ ከጊዜ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል፤ ሰዓቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ በግማሽ ይወርዳል። በዚህ አካሄድ 3×10⁻¹¹ ለመድረስ ከ3000 ሰዓት በላይ፣ ማለትም ከአራት ወር በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ፓምፑን በእጥፍ ብታሳድጉት ሁለት ወር ይሆናል። ቻምበሩን 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለሁለት ቀን ብትጋግሩት ግን ከብረቱ የሚወጣው ጋዝ ወደ 10⁻¹² ሚሊባር ሊትር በሰከንድ በካሬ ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ በዚያው ፓምፕ ሲሰላ 3×10⁻¹¹ ሚሊባር ይሰጣል። ስለዚህ በጀታችሁ ውስን ከሆነ ትልቅ ፓምፕ ከመግዛት በፊት ጥሩ የመጋገሪያ ማሞቂያ፣ በርካታ ቴርሞካፕሎች (የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች) እና ጥሩ የጽዳት ቦታ ይኑራችሁ። ፓምፕ ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

ውስጥ የሚገባና የማይገባ

304ኤል ወይም 316ኤል የማይዝግ ብረት፣ ከኦክስጅን የጸዳ መዳብ፣ ሞሊብዲነም፣ ታንታለም፣ ተንግስተን፣ አልሙና ሴራሚክ፣ ካፕቶን የሚባል ሙቀት የሚችል የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ሽቦ እና ፒክ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባሉ። ናስ (ብራስ) አይገባም፤ ውስጡ ያለው ዚንክ በመጋገሪያው ሙቀት ይተንና የኤሌክትሪክ መሸፈኛ ሴራሚኮችን ይለብጣል፣ በኋላም ሾርት ያመጣል። በካድሚየም የተለበጠ ብሎንም እንደዚሁ፤ ከሱቅ ያመጣችሁት ቢጫ ወይም ብርማ ብሎን በምን እንደተለበጠ ካላወቃችሁ አታስገቡት። 303 የተባለው የማይዝግ ብረት ለቶርኖ ሥራ እንዲመች ሰልፈር ስለተጨመረበት ከ304 ጋር በመልክ ቢመሳሰልም አይሆንም። ተራ የሽቦ ፕላስቲክ፣ የእርሳስ ብየዳ፣ ማንኛውም ዓይነት የማጣበቂያ ቴፕም አይገባም።

ሌላው መዘንጋት የሌለበት የብሎን ቀዳዳ ነው። ጫፉ የተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ ብሎን ሲገባ ከታች ትንሽ አየር ይታሰራል። ያ አየር በጥርሶቹ መካከል ለሳምንታት ቀስ እያለ ይወጣል፤ የሚያፈስ ቦታ በሚፈለግበት የሂሊየም ጋዝ ብትፈልጉት ግን ከውጭ የሚገባ ነገር ስለሌለ አታገኙትም። መፍትሔው መሐሉ የተበሳ ብሎን መጠቀም ወይም ቀዳዳውን አሳልፎ መብሳት ነው። ሁለት ሰፊ ጠፍጣፋ ብረቶች ተጣብቀው ሲታሰሩም በመካከላቸው አየር ይታሰራል፤ አንዱ ላይ ትንሽ ቦይ አውጡበት። ብየዳም ከውስጥ በኩል ብቻ ይሁን። በውስጥም በውጭም ከተበየደ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ያው ችግር ነው።

ጽዳት

ከቶርኖ ቤት የመጣ ዕቃ ሁሉ የመቁረጫ ዘይት አለበት። መጀመሪያ የሚታየውን ዘይት በአሴቶን ጥረጉ። ከዚያ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ ውሃና አልካላይን ሳሙና በአልትራሳውንድ ማጠቢያ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ በተጣራ ውሃ ቢያንስ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት፤ ውሃው ገጹን እንደ አንድ ፊልም ሳይቆራረጥ ከሸፈነው ዘይቱ ወጥቷል፣ ወደ ጠብታ ከተሰበሰበ ግን ከሳሙናው እንደገና ጀምሩ። በመጨረሻ በአይሶፕሮፓኖል አጥባችሁ በደረቅ ናይትሮጅን ንፉት፣ ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃም አድርቁት። አሴቶን የመጨረሻ ማጠቢያ አይሁን፤ ቶሎ ስለሚተን የሟሟውን ቆሻሻ እዚያው ገጹ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ዕቃው በባዶ እጅ አይነካ። የሚያስፈልገው ዱቄት የሌለው የናይትራይል ጓንት ነው፤ ጓንቱ የበር እጀታ፣ ስልክ ወይም ፊት ከነካ ይቀየራል። የጸዳውን ዕቃ በንጹሕ ፎይል ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ለቫኪዩም ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ፣ የዘይት ቅባት የሌለበት ፎይል ከተገኘ እሱ ይመረጣል፤ የወጥ ቤቱ ፎይል ለውጭ መጠቅለያ ብቻ ይሁን።

ፍላንጆቹን መግጠም

ፍላንጅ ሁለት ክፍሎች በብሎን የሚገጣጠሙበት የብረት ከንፈር ነው፤ የዚህ ሥራ መደበኛው ሲኤፍ ፍላንጅ ይባላል፦ ሁለት የብረት ቢላ ጠርዞች በመካከላቸው ያለውን 2 ሚሊሜትር የመዳብ ጋስኬት (ማሸጊያ ቀለበት) ነክሰው ይይዛሉ። መዳቡ አንዴ ከተነከሰ አበቃ፤ ፍላንጁ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ጋስኬት ይገባል። ያገለገለውን ገልብጦ መጠቀም ትርፉ አንድ ጋስኬት፣ ኪሳራው ሦስት ቀን የመጋገር ሥራ ነው።

ከመግጠማችሁ በፊት የሁለቱንም ፍላንጆች ጠርዝ በባትሪ መብራት አግድም አብርታችሁ እዩ። ጠርዙን የሚያቋርጥ ጭረት ካለ አየር ያስገባል፤ ከጠርዙ ጋር አብሮ የሚዞር ጭረት ግን ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። አይሶፕሮፓኖል በነካ ብናኝ የማይተው ጨርቅ ጠርዙን ጥረጉ፣ ጋስኬቱን በዳሩ ይዛችሁ አስቀምጡት፣ ማረፊያው ውስጥ በትክክል መቀመጡን ለማወቅም በጣት ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱት። ፍላንጁ ቁም ሆኖ ጋስኬቱ ሲወድቅ ብዙ ሰው በማያያዣ ቴፕ ሊይዘው ይሞክራል፤ ይህ አይደረግም፣ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ የሽቦ ቅንጥብ አለ።

ብሎኖቹ በብር የተለበጡ ቢሆኑ ይመረጣል። ያልተለበጠ የማይዝግ ብሎን ከተጋገረ በኋላ ከዳዶው ጋር ተጣብቆ ሲፈታ ይሰበራል። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ ትይዩ ትይዩ እየሄዳችሁ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። ሲኤፍ 40 ስድስት ኤም 6 ብሎኖች አሉት፤ 10 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃዋል። ሲኤፍ 63 ስምንት፣ ሲኤፍ 100 ደግሞ አሥራ ስድስት ኤም 8 ብሎኖች አሏቸው፤ ለእነሱ ከ15 እስከ 20 ኒውተን ሜትር ነው። በየዙሩ በሁለቱ ፍላንጆች መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን እኩል መሆኑን በዓይን አረጋግጡ። ለመመልከቻ መስታወት በሙቀት የለሰለሰ ጋስኬት ተጠቀሙ፤ ጠንካራው የሚጠይቀው ኃይል ወደ መስታወቱ ይተላለፋል።

የመጀመሪያው መሳብና የሚያፈስ ቦታ ፍለጋ

ስክሮሉንና ተርቦውን አስነሱ። ለዚህ መጠን ቻምበር ብዙ ተርቦ ፓምፖች ከስክሮሉ ጋር አብረው መነሳት ይችላሉ፤ የእናንተው መፍቀዱን መመሪያው ላይ አረጋግጡ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ተርቦው ሙሉ ፍጥነቱን ካልያዘ ትልቅ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ አንድ ብሎን የተረሳ ወይም ጋስኬት ያልገባ ይሆናል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ10⁻⁷ እስከ 10⁻⁶፣ በማግስቱ 10⁻⁸ ሚሊባር አካባቢ መሆን አለበት።

የሂሊየም መፈለጊያውን ከተርቦው ኋላ ካለው መስመር ጋር አገናኙት። የሂሊየሙን ጅረት ቀጭን አድርጉት፤ ቱቦውን አልኮል ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ስትነክሩት በሰከንድ ጥቂት አረፋ ቢወጣ ይበቃል። ሂሊየም ወደ ላይ ስለሚወጣ ፍለጋው ከላይ ይጀምራል፤ ከታች ከጀመራችሁ ወደ ላይ የወጣው ጋዝ በላይኛው ቀዳዳ ገብቶ ታችኛውን ፍላንጅ ያስወነጅለዋል። ሲኤፍ ፍላንጆች ጎናቸው ላይ ለዚሁ የተሠሩ ሁለት ቀጭን ቦዮች አሏቸው፤ እዚያ ላይ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ንፉ። ምልክቱ ወዲያው ከዘለለ የሚያፈስ ቦታ ተገኝቷል። ከደቂቃዎች በኋላ ቀስ እያለ ከወጣ ግን ሂሊየሙ በጎማ ማኅተም ውስጥ እየሰረገ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የጎማ ጠባይ ነው፣ ብልሽት አይደለም።

የሚያፈሰውን ፍላንጅ መጀመሪያ አጥብቁት። ካልቆመ ክፈቱና ጋስኬቱን ቀይሩ። በኤሌክትሪክ ማስገቢያ ሴራሚክ ላይ ከሆነ ማጥበቅ አይረዳም፤ ዕቃው ይቀየራል። ቀዳዳውን በቫርኒሽ ወይም በሙጫ መድፈን መጋገሩን ስለማይችል ዛሬ የተደፈነው ነገ ይከፈታል። ከዚህ ደረጃ ሳታልፉ በፊት ጠቅላላው የሚገባው ጋዝ ከ10⁻¹⁰ ሚሊባር ሊትር በሰከንድ ያነሰ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሚያፈስ ቻምበር መጋገር የትም አያደርስም።

መጋገር

ጊዜያችሁንና ጥንቃቄያችሁን የምታውሉት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ሙቀት የማይችለው ሁሉ ይነሳ፦ ካሜራ፣ ሞተር፣ የፕላስቲክ መሰኪያ ያላቸው ገመዶች፣ የማስ ስፔክትሮሜትሩ (የቀረውን ጋዝ በሞለኪውሎቹ ክብደት የሚለየው መሣሪያ) የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ የናሙና ማንቀሳቀሻው ማግኔት። የጎማ ማኅተም ያለው ጌት ቫልቭ (ተንሸራታች መዝጊያ) ክፍት ሆኖ ይጋገራል፤ ተዘግቶ ከተጋገረ ጎማው ተጨፍልቆ ቅርጹን ይይዛል። የተርቦ ፓምፑ መግቢያ ፍላንጅ በብዙ አምራቾች መመሪያ ከ120 ዲግሪ ማለፍ የለበትም፤ ማቀዝቀዣው ሳይቋረጥ ይሥራ።

የማሞቂያ ሪባኖቹን ስትጠመጥሙ አንዱ በሌላው ላይ እንዳያልፍ፤ የተደራረበበት ቦታ ይቃጠላል። ቻምበሩን በፎይል ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልሉ፣ የመመልከቻ መስታወቶቹን በተለይ አጥብቃችሁ ሸፍኑ። ቴርሞካፕል ቢያንስ ስድስት ቦታ ይሁን፦ አንዱ ትልቁ መስታወት ጎን፣ አንዱ የተርቦው ፍላንጅ ላይ፣ አንዱ አዮን ፓምፑ ላይ፣ አንዱ ቫልቩ ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ በጣም ይሞቃልና በጣም ይቀዘቅዛል በምትሉት ቦታ። የቻምበሩ ብረት ከመሬት ሽቦ ጋር ይገናኝ፣ የማሞቂያዎቹ መስመርም 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። አሮጌ ሪባን ሽፋኑ ተልጦ ቻምበሩን በኤሌክትሪክ ሊሞላው ስለሚችል ይህን መዝለል የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ሙቀቱን በሰዓት 30 ዲግሪ ያህል አውጡት። መስታወቱና ብረቱ የተበየዱበት ቦታ ፈጣን ለውጥ አይችልም፤ ስንጥቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሲቀዘቅዝ ነው። ሁሉም ቦታ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በቦታዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አይበልጥ። ከቻምበሩ የሚወጣ አንድ ክንድ (ቱቦ) 60 ዲግሪ ላይ ከቀረ ከሌላው ግድግዳ የተላቀቀው ውሃ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ቻምበሩ ከቀዘቀዘ በኋላም ለሳምንታት ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል። ከተጋገረ በኋላ 10⁻⁹ ላይ ተጣብቆ አልወርድ ያለ ቻምበር ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ የትኛው ክንድ ሳይሞቅ ቀረ የሚለው ይሁን።

ግፊቱ መጀመሪያ ይወጣል። ከ80 እስከ 120 ዲግሪ ባለው መካከል 10⁻⁶ን አልፎ ወደ 10⁻⁵ ሊጠጋ ይችላል፤ ይህ ጤናማ ነው፣ ውሃው እየወጣ ነው። ከ10⁻⁵ ካለፈ ግን ማሞቂያው ራሱ እንዲቆም አድርጋችሁ አገናኙት። ከዚያ ቀስ በቀስ ይወርድና ወደ 10⁻⁸ ይጠጋል። 150 ዲግሪ ላይ 48 ሰዓት ለአብዛኛው ቻምበር ይበቃል፤ ከ120 ዲግሪ በላይ መሄድ የማይችል ዕቃ ካለ 72 ሰዓትና ከዚያ በላይ ስጡት። የሚቆመው በሰዓት ሳይሆን በማስ ስፔክትሮሜትሩ ቢሆን ይሻላል፦ በ18 ቁጥር (ቁጥሩ የሞለኪውሉ ክብደት ነው) ያለው የውሃ ምልክት በ2 ቁጥር ካለው የሃይድሮጅን ምልክት በታች ሲወርድና ግፊቱ ለብዙ ሰዓታት ሳይለወጥ ሲቀር።

መብራት የሚቆራረጥበት ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት። መብራት ሲጠፋ በተርቦውና በስክሮሉ መካከል ያለው ቫልቭ በራሱ የሚዘጋ ዓይነት ይሁን፣ አለዚያ አየሩ በስክሮሉ በኩል ወደ ሞቀው ቻምበር ይመለሳል። የቆመው ተርቦም በራሱ አየር እንዳያስገባ የአየር ማስገቢያ ቫልቩን አደራረግ ፈትሹ። መብራቱ ሲመለስ ማሞቂያው በራሱ አይነሳ፤ ፓምፖቹ ተነስተው ግፊቱ ከወረደ በኋላ ሰው ያስነሳው። ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ኃይል ካላችሁ ለፓምፖቹ፣ ለመቆጣጠሪያውና ለመለኪያዎቹ ስጡት እንጂ ለማሞቂያው አታውሉት፤ ቻምበሩ ከነጥቅሉ ሙቀቱን ለሰዓታት ይይዛል።

ገና ሳይቀዘቅዝ

ማሞቂያውን ካጠፋችሁ በኋላ ግድግዳው 100 ዲግሪ አካባቢ ሳለ ውስጥ ያሉትን ትኩስ ክሮች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚግሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ሁሉ፣ አንድ በአንድ አሙቁ፦ የግፊት መለኪያውን፣ የማስ ስፔክትሮሜትሩን፣ የቲታኒየም ፓምፑን ክሮች፣ የናሙና ማሞቂያውን፣ ከዚያ የብረት ማትነኛውን። አሁን የሚለቁት ጋዝ በሞቀ ግድግዳ ላይ ሳይጣበቅ ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ግድግዳው ከቀዘቀዘ በኋላ ብትሠሩት ግን የመጋገሩን ትርፍ በከፊል መልሳችሁ ታጣላችሁ። የቲታኒየም ክሮቹን በ30 አምፔር ለአንድ ደቂቃ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ 40 አድርሱ። ግፊቱ ከ5×10⁻⁷ ሲያልፍ ቆሙ፣ ሲወርድ ቀጥሉ። አዮን ፓምፑ የሚነሳው ከ10⁻⁶ በታች ነው።

ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ወደ ሁለት ዐሥርዮሽ ደረጃ ይወርዳል። በማግስቱ ጠዋት ቲታኒየሙን ከ45 እስከ 50 አምፔር ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ አትንኑ፤ ትኩሱ የቲታኒየም ልባስ ሃይድሮጅንን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ውሃን ይይዛል። አርጎንንና ሚቴንን አይነካም፤ የእነሱ ድርሻ የተርቦውና የአዮን ፓምፑ ነው። የብሎኖቹን ጥብቀትም ቻምበሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ አንዴ ፈትሹ።

ቁጥሩን ስታነቡ መለኪያው የተስተካከለው በናይትሮጅን መሆኑን አትርሱ። በደንብ በተጋገረ ቻምበር ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው ከብረቱ ውስጥ እየሰረገ የሚወጣ ሃይድሮጅን ነው፤ መለኪያው ለሃይድሮጅን ያለው ስሜት ከናይትሮጅን ከግማሽ ያነሰ በመሆኑ እውነተኛው ግፊት ከሚታየው በሁለት እጥፍ ይበልጣል። ለፊልሙ ግን ሃይድሮጅን ከውሃና ከኦክስጅን ያነሰ ጠላት ነው። ከ1950 በፊት የነበሩት መለኪያዎች ከ10⁻⁸ በታች ያለውን ግፊት ፈጽሞ ማሳየት አይችሉም ነበር፤ ራሱ መለኪያው የሚያወጣው ኤክስሬይ የሐሰት ጅረት ይፈጥር ነበርና። ባያርድና አልፐርት የተባሉ ተመራማሪዎች የመለኪያውን አዮን ሰብሳቢ ወደ ቀጭን ሽቦ ለውጠው ይህን የፈቱት በዚያው ዓመት ነው፤ እናንተ ቻምበር ላይ ያለው የክር መለኪያም ምናልባት የእነሱ ዓይነት ነው።

የቀረውን ጋዝ ማንበብ

ከግፊቱ ቁጥር ይልቅ የማስ ስፔክትሮሜትሩ ሥዕል ብዙ ይናገራል። 18 ትልቅ ሆኖ 17ና 16 ከተከተሉት ውሃ ነው፤ መጋገሩ አልበቃም ወይም ያልሞቀ ክንድ አለ። 28 ብቻውን ሲታይ ናይትሮጅን ይሁን ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታወቅም። የሚለየው 14 ነው፦ 14 አብሮ ካለ፣ 32 እና 40 ከታዩ አየር እየገባ ነው። 32 ከሚጠበቀው አንድ አራተኛ ቢያንስ አትዘናጉ፤ ትኩስ ክሮችና ቲታኒየሙ ኦክስጅኑን ይበሉታል። በዚህ ጊዜ አስተማማኙ ምስክር በ40 ያለው አርጎን ነው። 14 ከሌለ 28ቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከትኩስ ክሮች ይመጣል፣ በጊዜ ይቀንሳል። 41፣ 43፣ 55 እና 57 በቡድን ሲቆሙ ዘይት ነው፤ ጽዳቱ ላይ ተመለሱ። 43 ከ58 ጋር ከሆነ የቀረ አሴቶን፣ 45 ገኖ ከታየ አይሶፕሮፓኖል ነው። በ19 የሚታየው ፍሎሪን ብዙ ጊዜ በኤሌክትሮን ከተመታ ገጽ የሚመጣ በመሆኑ ብቻውን አያስደነግጥም።

የመጀመሪያው ፊልም

ማግኒዚየም ኦክሳይዱን በሎድ ሎክ አስገብታችሁ 600 ዲግሪ ላይ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አሙቁ፤ ይህ ክሪስታል ከአየር ውሃ ይስባልና ከማሸጊያው የሚወጣው በሚገባበት ቀን ይሁን። የሚይዙት ቅንጥቦች ታንታለም ወይም ሞሊብዲነም ይሁኑ። በሙቀቱ ጊዜ ግፊቱ ከ10⁻⁹ በታች ሲመለስ ዝግጁ ነው። ከዚያ ወደ ክፍል ሙቀት አቀዝቅዙት።

ብረት ቀልጦ ከተንግስተንም ከታንታለምም ጋር ስለሚዋሃድ በቀጥታ ከእነሱ ጀልባ አይተንም፤ ጀልባው ተበልቶ ይቆረጣል። ከአልሙና ኩባያ ወይም በኤሌክትሮን ከሚመታ የብረት ዘንግ ይተን። በማትነኛውና በናሙናው መካከል ያለው መከለያ ተዘግቶ ማትነኛውን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሥራ ሙቀቱ አቆዩት፤ በትነት ላይ ያለው ግፊት ከ5×10⁻¹⁰ በታች ካልተረጋጋ ገና ጋዝ እየለቀቀ ነው።

ፍጥነቱ የሚለካው በኳርትዝ፣ ማለትም ብረት ሲያርፍበት ድግግሞሹ በሚቀንስ ተንቀጥቃጭ ክሪስታል ነው። 6 ሜጋ ሄርዝ ባለው ኳርትዝ ላይ የብረት እፍጋት 7.87 ተብሎ ሲሰላ፣ 0.01 ናኖሜትር በሰከንድ ማለት ድግግሞሹ በሰከንድ 0.64 ሄርዝ ያህል መውረድ ነው። መከለያው ሲከፈት ቁጥሩ ለጥቂት ሰከንዶች ይዘላል፤ የሙቀት ጨረር ኳርትዙን ስለነካው እንጂ ፊልም ስላረፈበት አይደለም፣ የኳርትዙ ውሃ ማቀዝቀዣም ሳይቋረጥ ይሥራ። ኳርትዙና ናሙናው አንድ ቦታ ስላልሆኑ አንድ የ20 ናኖሜትር ፊልም ሠርታችሁ ውፍረቱን በኤክስሬይ ነጸብራቅ አስለኩት፣ ልዩነቱንም በማባዣ አርሙት። በዚህ ፍጥነት 20 ናኖሜትር 33 ደቂቃ ይፈጃል።

ብረቱ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ላይ 45 ዲግሪ ዞሮ ይቀመጣል፤ በዚያ አቀማመጥ የሁለቱ ክሪስታሎች አለመመጣጠን 3.8 በመቶ ብቻ ነው። በ2004 በአሜሪካና በጃፓን ያሉ ሁለት ቡድኖች በብረት ወይም በብረትና ኮባልት ቅይጥ እና በማግኒዚየም ኦክሳይድ ጥምረት ላይ ያሳዩት፣ በመግነጢስ የሚመጣ ትልቅ የኤሌክትሪክ መቋቋም ለውጥ የዛሬዎቹ የሃርድ ዲስክ ማንበቢያዎችና መግነጢሳዊ ማስታወሻዎች መሠረት ነው፤ የሁለቱን መገናኛ ገጽ ንጽሕና ያለ እጅግ ከፍተኛ ቫኪዩም ማግኘት አይቻልም። ፊልሙ ካደገ በኋላ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲቆይ ገጹ ይለሰልሳል። ወደ አየር ከመውጣቱ በፊት 3 ናኖሜትር ያህል ወርቅ ወይም ማግኒዚየም ኦክሳይድ አልብሱት፤ ያለዚያ የላይኛው ብረት ወዲያው ይዝጋል።

አየር ማስገባትና ከፍታ

ዋናው ቻምበር መከፈት ሲኖርበት ትኩስ ክሮች ሁሉ ጠፍተው፣ አዮን ፓምፑ ተዘግቶ፣ ተርቦው ከቆመ ወይም ከተገለለ በኋላ በደረቅ ናይትሮጅን ይሞላ። ክፍት በሚሆንበት ጊዜም ናይትሮጅኑ ቀስ እያለ ይፍሰስ፣ የሚገቡት ዕቃዎችና ጋስኬቶች ሁሉ አስቀድመው ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቁ። በዝናብ ወራት ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ እርጥቡ አየር በገባ ቁጥር የሚጨመረው የመጋገር ሰዓት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ወይም በሌላ ከፍ ያለ ከተማ የምትሠሩ ከሆነ ከባሕር ጠለል አካባቢ የመጣ መሣሪያ ሁለት ነገር ይለወጥለት። አንደኛ፣ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከ760 እስከ 780 ሚሊባር ነው። ናይትሮጅን እንዲቆም የተስተካከለው በ1000 ሚሊባር ከሆነ፣ ቆሟል በተባለበት ጊዜ ውስጡ ከውጭው በ230 ሚሊባር በልጧል። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው የሎድ ሎክ በር ላይ ይህ ከ70 ኪሎ በላይ ክብደት ያለው ግፊት ነው፤ መያዣውን ስትፈቱ በሩ ሰው ላይ ይወረወራል፣ መስታወትም ሊወጣ ይችላል። ገደቡን ወደ ከተማችሁ ግፊት አውርዱት፣ በትንሽ ጫና የሚከፈት ማስተንፈሻ ቫልቭም ግጠሙ። ሁለተኛ፣ አብዛኛው የላቦራቶሪ ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ተብሎ ነው። አየሩ ሲሳሳ ከፍተኛ ቮልቴጅ በቀላሉ ይዘላል፤ እስከ 7 ኪሎ ቮልት የሚደርሰው የአዮን ፓምፑ መሰኪያና ከዚያም የሚበልጠው የኤሌክትሮን ጠመንጃ ኃይል አቅራቢ አቧራና እርጥበት እንዳይነካቸው ጠብቁ፣ ከመግዛታችሁም በፊት ለ2400 ሜትር የሚሆነውን የቮልቴጅ ገደብ ከአምራቹ በጽሑፍ ጠይቁ።